የተሸጠ ዕቃ አይመለስም

ሦስት ቃላት ናቸው። በደረሰኝ ግርጌ ታትመው፣ በሱቅ መስታወት ላይ ተለጥፈው፣ ዛሬ ዛሬ ደግሞ በቴሌግራም ማስታወቂያ ጅራት ላይ ተንጠልጥለው እናገኛቸዋለን። ብዙ ጊዜ ስላየናቸው ከሕግ የወጡ ይመስሉናል፤ እንደ ትእዛዝ አንብበናቸው አንገታችንን ደፍተን እንሄዳለን። በበኩሌ ግን እነዚህ ሦስት ቃላት አማርኛን የሚበድሉ፣ ሕግንም የማያውቁ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከአባቶቻችን ገበያ የወረስነውን ጨዋነት የሚያፈርሱ ናቸው ባይ ነኝ። ይህን የምለው እዚህ ማንኩሳ የአንድ ጎረቤቴን ነገር ለወራት ስከታተል ቆይቼ ነው። ወደ እርሱ ከመግባቴ በፊት ግን አንባቢ ስለ ቃላቱ ጥቂት ይታገሠኝ።

እስኪ «መመለስ» የሚለውን ግሥ እናስተውለው። የጠየቀ ሰው መልስ ይሰጠዋል። ከመቶ ብር ላይ የተረፈውም መልስ ነው። ሙሽሮች ከሠርጉ በኋላ ወደ ልጅቱ ወላጆች ቤት ሲጠሩ ድግሱ መልስ ይባላል። ከብት ከመስክ ይመለሳል፤ ኃጢአተኛ በንስሐ ይመለሳል፤ መንገደኛን «በሰላም ይመልስህ» ብለን እንሸኘዋለን። በአንድ ግሥ ውስጥ ጥያቄን፣ ገንዘብን፣ ጋብቻን፣ ነፍስንና መንገድን የሰበሰበ ሕዝብ፣ ነገሩ ዕቃ ላይ ሲደርስ «አይመለስም» ማለትን ከየት ለመደው?

ከከብት ገበያ እንዳልለመደው እርግጠኛ ነኝ። በእኛ አገር በሬ ሲሸጥ ያየ ሰው ይህን ይመሰክራል። ገዢው ቀርቦ ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን ያያል፤ ሻኛውን ይዳብሳል፤ ያስኬደዋል፤ ዓይኑንና ሰኮናውን ይመረምራል። ይህ ሁሉ ግን ዓይን የሚደርስበት ብቻ ነው። ዓይን የማይደርስበትን ሻጩን ይጠይቃል፦ «ይዋጋል? ቀንበር ሲጫንበት ይተኛል? አጥር ይጥሳል?» ሻጩም በሰው ፊት ይናገራል። የሚዋጋ ከሆነ «ይዋጋል፤ ልጆች አይጠጉት» ብሎ ከዋጋው ይቀንሳል። ሽማግሌዎቻችን የዚህን ዓይነቱን ጉድለት የሚጠሩበት ቃል «ነውር» ነው። ለመሥዋዕት የሚቀርበው ጠቦት ነውር የሌለበት እንዲሆን ቅዱስ መጽሐፍ እንደሚያዝ ሁሉ፣ የገበያው በሬም ነውሩ ይጠየቃል። ያው ቃል ለሰው ሲነገር ደግሞ አሳፋሪ ሥራ ማለት ነው። ሁለቱ ፍቺዎች በአንድ ቃል ውስጥ ያደሩት እንዲያው በአጋጣሚ አይመስለኝም። በበሬው ላይ ያለው ነውር የሻጩ ነውር አይደለም፤ የተሸሸገ ዕለት ግን ከበሬው ወጥቶ ወደ ሻጩ ይገባል።

ዋስም አለ። ገዢ ሻጩን ካላወቀው የሚያውቀው ሰው ይጠራል፤ ያ ሰው በሬው የተሰረቀ እንዳልሆነ፣ የተነገረውም እውነት እንደሆነ በስሙ ይቆማል። በሬው በመጀመሪያው ጠዋት ትልም መካከል ቢተኛ ገዢው ዋሱን ይዞ ከሻጩ ደጅ ይደርሳል። በሬው ይመለሳል፤ ገንዘቡም ይመለሳል፤ አለዚያም ሽማግሌ ገብቶ ዋጋው ይታረማል። ሁሉም ነገር በቅንነት ያልቅ ነበር ብዬ አላጋንንም፤ በከብት ንግድ የተነሣ ስንት ቤተሰብ ተቃቅሯል። ዳሩ ግን ወደ ማን እንደሚኬድ ይታወቅ ነበር።

ያገለገለ ኤሌክትሮኒክስ መግዛትም ለገጠሩ ሰው አዲስ ነገር አይደለም፤ በሬዲዮ ጀምሮታል። ማንኩሳን የሥነ ጽሑፍ ወዳጅ ሁሉ ሳያያት ያውቃታል፤ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የበዛብህ አገር ናትና። ከአገራችን ሰው ብዙው ግን ስሟን ያወቀው አንብቦ ሳይሆን ሰምቶ ነው፤ ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው። ያ የሰማንበት ሬዲዮ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሁለተኛ እጅ የመጣ ነበር፤ ከተዛወረ መምህር፣ ከጦር ሜዳ ከተመለሰ ወታደር፣ ከከተማ ከመጣ ዘመድ የተገዛ። ሻጩ ድንጋይ አስገብቶ ያሰማል። አንቴናው ተሰብሮ በሽቦ ታስሮ ከሆነ ሽቦው ይታያል። ማታ ማታ ድምፁ የሚሸሽ ከሆነ ይነገራል፤ ባይነገርም ሻጩ የሚኖረው ከወንዙ ማዶ ነውና በማግሥቱ ይጠየቃል። የሬዲዮው ነውር ከውጭ የሚታይ፣ የሻጩም ደጅ የሚታወቅ ነበር። ዛሬ ሁለቱም ተሰውረዋል።

ወደ ጎረቤቴ ነገር ልግባ። ጎረቤቴ ገበሬ ነው፤ በቆሎም በርበሬም ያመርታል። ሴት ልጁ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ብሔራዊው ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል በኮምፒዩተር መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፣ ማውዝ ጨብጦ የማያውቅ የገጠር ልጅ ከጥያቄው ጋርም ከመሣሪያውም ጋር እንደሚታገል አባትየው ከሰው ሰማ። የበርበሬውን ገንዘብ ቆጠረ። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ሱቆች የጠየቀው ዋጋ ከአቅሙ በላይ ሆነበት። በመጨረሻ የእኅቱ ልጅ በቴሌግራም አንድ ያገለገለ ላፕቶፕ አገኘለት፤ ሃያ አራት ሺህ ብር። ማስታወቂያው እንዲህ ይላል፦ «ስላይትሊ ዩዝድ፣ በጣም ፍሬሽ፣ ስድስት ወር ብቻ የተሠራበት፣ ስክራች የሌለው፣ ራም 8 ጊጋ። ክፍለ ሀገር እንልካለን።»

(ስለነዚህ ቃላት አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። «ፍሬሽ» ምን ማለት ነው? ለሥጋና ለወተት ቢሆን ይገባኛል። ሻጮች የባዕድ ቃል የሚመርጡት የአማርኛው ቃል ስለሚያስጠይቅ ነው። «ደኅና ነው» ያለ ሰው ቃል ሰጥቷል፤ «ፍሬሽ ነው» ያለ ግን ምንም አልተናገረም።)

ገንዘቡ አስቀድሞ በባንክ ገባ። ላፕቶፑ በአውቶቡስ ረዳት እጅ መጣ። ልጅቱ በደስታ ከፈተችው፤ ማሳያው በራ፤ ቤቱም በደስታ ተሞላ። ገመዱ የተነቀለ ጊዜ ግን በዚያው ቅጽበት ጠፋ። ራሙ 8 የተባለው 4 ሆኖ ተገኘ። ጥቂት ከሠራ በኋላ እንደ ምጣድ ይግላል። ፍኖተ ሰላም ወዳለ አንድ ጠጋኝ ይዘነው ሄድን። ብሎኖቹን ፈታና ሳይናገር ወደ እኛ አዞረው፤ ባትሪው እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ ክዳኑን ከታች ወደ ላይ ይገፋዋል። ያበጠ ባትሪ ቀልድ አይደለም፤ የሊቲየም ባትሪ የሚያብጠው ውስጡ ጋዝ ሲጠራቀም ነው፤ ቢወጋ ወይም ከመጠን በላይ ቢሞቅ እሳት ሊያነሣ ይችላል። ጠጋኙ ቀጥሎ ሃርድ ዲስኩን መረመረ። ሃርድ ዲስክ ስንት ሰዓት እንደሠራ ራሱ መዝግቦ ይይዛል፤ ሻጭ ይዋሽ እንደሆነ እንጂ እርሱ አይዋሽም። ከ31 ሺህ ሰዓት በላይ ይላል። አስልተን አየነው፤ ቀንና ሌሊት ሳያርፍ ቢሠራ እንኳ ሦስት ዓመት ተኩል ነው። «ስድስት ወር ብቻ» የተባለው ይህ ነው።

ጎረቤቴ ደወለ፤ እኔም አጠገቡ ነበርሁ። ሻጩ ወጣት ነው፤ መጀመሪያ በትሕትና ነበር ያነጋገረው። «ፋዘር፣ ከእኔ ሲወጣ ሰላም ነበር፤ መንገድ ላይ ተመትቶ ይሆናል» አለ። የሰዓት ቆጠራ ግን በአውቶቡስ ላይ አይጨምርም። ይህ ሲነገረው ድምፁ ተለወጠ፦ «ፋዘር፣ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም። ቻናሉ ላይ ተጽፏል።» ጎረቤቴ አልተቆጣም። «ልጄ» አለው፣ «ነውሩን ነግረኸኝ ቢሆን እገዛህ ነበር እኮ። ዋጋውን ትቀንስልኝ ነበር፤ እኔም ልጅቱን ገመዱን ሳትነቅይ ተማሪበት እላት ነበር። ለምን አልነገርኸኝም?» ከዚያ ወዲያ ያ ስልክ ለእኛ አልተነሣም።

በዚህ ንግግር ላይ ብዙ አስቤበታለሁ። ጎረቤቴ የጠየቀው ፍጹም ዕቃ አይደለም። ያረጀ ነገር እንደሚገዛ ያውቃል፤ በሕይወቱ አዲስ ነገር የገዛበት ቀን ይቆጠራል። እርሱ የጠየቀው የበሬውን ሕግ ነው። «ሣሩን አይቶ ገደሉን ያላየ» እያሉ ገዢውን የሚወቅሱትን ሰዎች የማልቀበላቸው ለዚህ ነው፤ ገደሉ በማስታወቂያ ቃል ተሸፍኖ ነበርና።

አንድ ዘመዱ ከጀርመን ደውሎ ነገሩን ሲሰማ «ታዲያ መልሱት እንጂ» አለ። እውነቱን ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከነጋዴ በኢንተርኔት የገዛ ሰው፣ ጥቂት ነገሮች ሲቀሩ፣ በ14 ቀናት ውስጥ ምክንያት እንኳ ሳይሰጥ ዕቃውን መመለስ ይችላል። በእንግሊዝም በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው የሸማቾች ሕግ ጉድለት ያለበትን ዕቃ፣ ያገለገለም ቢሆን፣ ለነጋዴው መልሶ ገንዘብን ለመቀበል 30 ቀናት ይሰጣል። እዚያ «መልሱት» ማለት ፖስታ ቤት ድረስ መሄድ ነው። እዚህ ግን ከማንኩሳ አዲስ አበባ ወደ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ያውም መንገዱ ክፍት ሲሆን። በክልላችን በ2015 ዓ.ም. ማለቂያ ግጭቱ ከተነሣ ወዲህ አውቶቡስ ሳይንቀሳቀስ የዋለበትን፣ የስልክ ኢንተርኔትም ተቋርጦ የከረመበትን ወራት የኖረ ሰው ያውቀዋል።

ሕጉ የለንም እንዳይባል ደግሞ አለን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 2287 ጀምሮ ሻጭ የሸጠው ነገር ጉድለት የሌለበት ስለመሆኑ ዋስ እንደሆነ ይደነግጋል። የበሬው ገበያ ቃል በሕግ ቋንቋ ሲመለስ ማለት ነው። ገዢው በበኩሉ ዕቃውን በቶሎ መርምሮ ጉድለቱን ለሻጩ ሳይዘገይ እንዲያስታውቅ ይጠበቅበታል። ሻጭና ገዢ በውላቸው ይህን ዋስትና ሊቀንሱት ይችላሉ፤ ነገር ግን ጉድለቱን በተንኮል የሸሸገ ሻጭ «ኃላፊ አይደለሁም» የሚል ቃል ቢጽፍ ያ ቃል አያድነውም። እንግዲህ ከግርጌ የተለጠፉት ሦስት ቃላት ነውሩን አውቆ ለሸሸገ ሰው ከወረቀቱ የበለጠ ዋጋ የላቸውም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ደግሞ ጉድለት ያለበትን ዕቃ ከነጋዴ የገዛ ሸማች በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጠው። በ2012 ዓ.ም. የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅም ወጥቷል።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? ሕግ የሚያውቀው አድራሻ ያለውን ሰው ነው። የቴሌግራሙ ሻጭ ስሙ ቅጽል ስም፣ ሱቁ ስልክ ቁጥር፣ ደጁ የትም ነው። ነጋዴ ነው ወይስ የራሱን ዕቃ የሸጠ ግለሰብ? መጥሪያውስ ለማን ይደርሳል? ጎረቤቴ ለሃያ አራት ሺህ ብር አዲስ አበባ ተመላልሶ ቢከስ ለመሳፈሪያና ለአልጋ የሚያወጣው፣ ከእርሻው የሚያጎድለው ቀን፣ ተደምሮ ከላፕቶፑ ይበልጣል። ሻጩም ይህን ያውቃል፤ «ክፍለ ሀገር እንልካለን» የሚለው ሐረግ ለእኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላ ትርጉም አለው። ሩቅ ያለ ገዢ የማይመለስ ገዢ ነው። መርካቶ ድረስ ሄዶ በር የሚያንኳኳውን ሰው ማን በድፍረት ያታልለዋል?

ጉዳቱ በአንድ ቤት አያበቃም። ጆርጅ አከርሎፍ የተባለው አሜሪካዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ በ1970 እ.ኤ.አ. ስለ ያገለገሉ መኪናዎች ገበያ አንድ አጭር ጥናት ጻፈ፤ በ2001 እ.ኤ.አ. ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የኖቤል ሽልማት ለመቀበል ካበቁት ሥራዎቹ ዋነኛው ይኸው ነው። ርእሱ ውስጥ «ሎሚ» የሚል ቃል አለ። በእኛ ዘንድ ሎሚ በጥምቀት ዕለት ለወደዷት ልጅ የሚወረወር ነው፤ አሜሪካኖች ግን ነውሩ የተሸሸገበትን መኪና ሎሚ ይሉታል። ነገሩ በአጭሩ ይህ ነው፦ ነውሩን የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ሲሆን ገዢው ሁሉንም ይጠረጥራል፤ ስለሚጠረጥርም ለሁሉም ዝቅተኛ ዋጋ ይሰጣል፤ በዚያ ዋጋ ደኅናውን ዕቃ የያዘ ሰው ሳይሸጥ ይቀራል፤ በገበያው ላይ የሚቀረው ሎሚው ነው። እዚህ እኛ መንደር ይህን ለመረዳት የኖቤል ሽልማት አላስፈለገንም። የጎረቤቴ ነገር ከተሰማ በኋላ ሁለት ሰዎች ሊገዙ ያሰቡትን ትተዋል። እውነተኛ ዕቃ የያዘ፣ ቃሉን የሚያከብር ሻጭ አዲስ አበባ ውስጥ ተቀምጦ እነዚህን ሁለት ደንበኞች ማጣቱን እንኳ አያውቅም።

ለሻጮችም ፍትሕ እንስጥ። በዚሁ ሥራ የሚተዳደር አንድ የማውቀው ወጣት የገዢውንም ተንኮል አጫውቶኛል። ደኅና ባትሪ ያለው ስልክ ወስዶ፣ ባትሪውን በአሮጌ ለውጦ «ተበላሽቷል» ብሎ የሚመልስ አለ። ለአንድ ሳምንት ሠርግ ፎቶ ሊያነሣበት ካሜራ ገዝቶ ከሠርጉ በኋላ «አልወደድሁትም» የሚል አለ። «አይመለስም» የሚለው ጽሑፍ በብዙ ሻጮች ዘንድ የተወለደው ከዚህ ዓይነቱ ምሬት ነው፤ ይገባኛል። ነገር ግን ሌባ ይገባል ተብሎ በር በድንጋይ አይደፈንም፤ ለበር ቁልፍ ይሠራለታል።

ቁልፉም ከባድ አይደለም። ሻጩ ዕቃው እየሠራ፣ መለያ ቁጥሩ እየታየ፣ ገመዱ ተነቅሎ ሳለ በቪዲዮ ቀርጾ ከመላኩ በፊት ይላክ። ስልክ ከሆነ *#06# ሲጻፍ የሚወጣውን ባለ 15 አኃዝ ቁጥር ሁለቱም ወገኖች ይመዝግቡት፤ ያኔ ሻጩ የላከው ስልክና ገዢው የመለሰው ስልክ አንድ መሆኑ ይታወቃል። የቀድሞው ባለቤት የጉግል ወይም የአይክላውድ አካውንት ከውስጡ መውጣቱ በዚያው ይታይ፤ ካልወጣ ገዢው የገዛው ስልክ ሳይሆን የተቆለፈ ብርጭቆ ነውና። ከማስታወቂያው ላይ «ፍሬሽ» የሚለው ይውጣና አንድ መስመር ይግባ፦ «ነውሩ ይህ ነው»። ነውር የሌለው ያገለገለ ዕቃ የለም፤ ምንም አልጻፈም ማለት ሸሽጓል ማለት ነው።

ዋናው ግን ዋሱ ነው። ቻይናዎች ይህን ችግር በኢንተርኔት ንግዳቸው መባቻ ላይ ገጥመውት ነበር፤ ገዢ አስቀድሞ መክፈል ፈራ፤ ሻጭም አስቀድሞ መላክ ፈራ። ዛሬ በዓለም የታወቀው አሊፔይ በ2004 እ.ኤ.አ. አካባቢ ሥራውን የጀመረው በመካከል ቆሞ የገዢውን ገንዘብ በመያዝ ነበር፤ ገዢው ዕቃውን ተረክቦ «ደኅና ነው» ሲል ገንዘቡ ለሻጩ ይለቀቃል። አዲስ ጥበብ ተብሎ ተደነቀ። እኛ ለበሬ ስናደርገው የኖርነው ነው። በሞባይል ገንዘብ መላላክ ማንኩሳ ድረስ ደርሷል፤ ባንኮችና ቴሌብር ገንዘቡን ለሦስት ቀን ያህል ይዞ የሚያቆይ አገልግሎት ለተራው ገዢ ቢዘረጉ፣ ከብዙ የማስታወቂያ ዘፈን ይልቅ የሰውን አመኔታ ያተርፋሉ። እስከዚያው ግን በእጃችን ባለው እንጀምር ብለን ከጎረቤቶቼ ጋር ተማክረናል። ፍኖተ ሰላም ያለው ያ ጠጋኝ ገንዘቡን ይዞ፣ ከአውቶቡስ የወረደውን ዕቃ ራሱ ከፍቶ አይቶ፣ ደኅና ከሆነ ለሻጩ ሊልክ፣ ካልሆነ ዕቃውን በመጣበት አውቶቡስ ሊመልስ ተስማምቷል፤ ለድካሙ ከገዢው ሁለት መቶ ብር ይቀበላል። ሦስት የቴሌግራም ሻጮችን ጠየቅን። ሁለቱ «እንዲህ ዓይነት ነገር አንሠራም» አሉ። አንዱ ጥቂት አሰበና «የጠጋኙን ስልክ ላኩልኝ» አለ።

ልጅቱ ላፕቶፑን ትጠቀምበታለች። ያበጠው ባትሪ ወጥቶ ተወግዷል፤ ገመዱ ከግድግዳው እንደተሰካ ይሠራል። መብራት ባለበት ሰዓት ትለማመዳለች። መብራት ሲጠፋ እርሱም አብሮ ይጠፋል፤ ያልተቀመጠው ሥራ ሁሉ ይሄዳል። ስለዚህ በየአምስት ደቂቃው ታስቀምጣለች፤ ጣቶቿ ሳታያቸው ለምደውታል።